ትሉ፣ እንዶዱና የልጃችሁ ሳህን፦ ከዓድዋ እስከ ጨፋ



ከከሚሴ፣ ከሐርቡና ከባቲ ከምትጽፉልኝ እናቶች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ቃሉ ይለያያል፣ ነገሩ ግን አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ ያገኘውን ይበላል፤ የበላው ግን ገላው ላይ አይታይም። ፊቱ ገርጥቷል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። የትል መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቼ ሰጠሁት፤ ለውጥ የለም። ምን ላብላው?»

ምን ላብላው የሚለውን ከመመለሴ በፊት ሁልጊዜ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ልጁ የሚዋኘው የት ነው? ከብት የሚያጠጣው የት ነው? እናቲቱ ልብስ የምታጥበው ቦርከና ዳር ነው ወይስ ቤት? ብዙዎቻችሁ «ይህ ከምግቡ ጋር ምን አገናኘው?» ትላላችሁ። ግንኙነቱን ለማሳየት ዛሬ ታሪክ ልነግራችሁ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

በመጀመሪያ ግን አንድ ስህተት ላርም። «የትል መድኃኒት» የሚባል አንድ መድኃኒት የለም። ከፋርማሲ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ነው። እነዚህ ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል ይሠራሉ። በጨፋ ሸለቆ ላለ ልጅ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባውን ቢልሃርዝያን ግን አይነኩትም። አያቶቻችንም ይህ ችግር ነበረባቸው። ኮሶ፣ በኦሮምኛ ሄጦ የምትሉት፣ ጥሬ ሥጋ ለሚያመጣው ለኮሶ ትል የታወቀ መድኃኒት ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያው ነው። ቢልሃርዝያን ግን ኮሶ አያወጣውም፤ ምክንያቱም ይህ ትል የሚኖረው አንጀት ውስጥ ሳይሆን በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ነው። ደም ውስጥ የተቀመጠውን ትል በማስቀመጥ ማውጣት አይቻልም።

ቢልሃርዝያ ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። እሱ በ1851 ካይሮ ውስጥ አስከሬን ሲመረምር ትሉን በደም ሥር ውስጥ አገኘው። ከዚያ በኋላ ለመታወቅ ብዙ ዓመት የፈጀው ትሉ ወደ ሰው የሚገባበት መንገድ ነው። መንገዱ ይህን ይመስላል፦ የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ይጸዳዳል። በሰገራው ውስጥ ያለው እንቁላል ውኃ ሲነካ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ አንዲት ትንሽ፣ ጠፍጣፋ የውኃ ቀንድ አውጣ ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ካገኛት ግን ሆዷ ውስጥ ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች እጮች ከእሷ ወጥተው ውኃው ላይ ይበተናሉ። በብዛት የሚወጡት ፀሐይ ስትሞቅ፣ እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ልጆች ለዋና የሚወርዱበት ሰዓት ማለት ነው። እጩ ለመግባት ቁስል አያስፈልገውም፤ ጤነኛ ቆዳን በስቶ ይገባል። ውኃውን መጠጣት የለባችሁም፤ እግራችሁን መንከር ይበቃዋል።

አሁን ጨፋን አስቡት። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነስታ፣ ኮምቦልቻን አልፋ፣ በሐርቡና በጨፋ ሜዳ እየተንቀራፈፈች ወደ አዋሽ ትሄዳለች። ሸለቆው ረግረግ ነው፤ በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮች ሳይቀሩ ከብትና ግመላቸውን ይዘው የሚመጡበት ለምለም ቦታ። የመስኖ ቦይ አለ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም አለ። ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዝያ በብዛት የሚተላለፈው በግምት ከ1000 እስከ 2000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ብርዱ ለቀንድ አውጣዋም ለትሉም አይመችም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ውኃ፣ ሣር፣ ሙቀት፣ ሰውና ከብት በአንድ ቦታ፦ ቀንድ አውጣዋ ከዚህ የተሻለ ሰፈር አታገኝም። ለከብቱ፣ ለእርሻውና ለልጁ ሕይወት የሆነው ውኃ ለእሷም ሕይወት ነው። ስለዚህ «ወንዙን ራቁ» ብሎ የሚመክር ሐኪም ጨፋን አያውቅም ማለት ነው።

የዚህ በሽታ ነገር በአገራችን ሲነሳ አንድ ስም ሳይጠራ አይታለፍም፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1964 ወደ አገሩ የተመለሰ ወጣት ተመራማሪ ነበር። ዓድዋ ላይ ቀንድ አውጣዎቹ የት የት እንዳሉ ለማወቅ ወንዝ ለወንዝ ይዞራል። አንድ ቦታ ላይ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። ከላይ በኩል ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ፤ ከታች በኩል ሞተው ተንሳፍፈዋል። በመካከል ደግሞ ሴቶች ነጠላ ያጥባሉ። የሚያጥቡት በሳሙና አልነበረም፤ በእንዶድ ነበር። እናንተ በኦሮምኛ ሐንዶዴ የምትሉት፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ እናቶቻችን ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው ነጭ ልብስ የሚያጥቡበት ተክል። አክሊሉ አረፋውን ወስዶ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ሞከረው፤ ሞቱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ እንዶዱ አይደለም። በዚያ ወንዝ ዳር ከእሱ በፊት ስንት የተማረ ሰው አልፏል? የአጣቢዎቹን አረፋ ያየ ብዙ ነው። ከአጣቢዎቹ በላይና በታች ያለውን ያስተያየ ግን እሱ ነው። ሴቶቹም አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ እንዶድ የታጠበበት ውኃ ለዓሣና ለአልቅት እንደማይመች በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። አክሊሉ ያንን እውቀት ወስዶ በቁጥር ሞከረው።

በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በአክሊሉ ስም የሚጠራው ማለት ነው። ከዚያ ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ከተማ ላይ ትልቁ ሙከራ ተካሄደ። የአካባቢው እንዶድ ተፈጭቶ በየጊዜው በወንዞቹ ላይ ተረጨ። ሲጀመር ከከተማው ነዋሪ 63 በመቶ የሚሆነው ትሉ ነበረበት። ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ። ትልቁ ነገር ግን ትንንሾቹ ልጆች ላይ የታየው ነው፤ ከስድስት ዓመት በታች ባሉት ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። ትልልቆቹ ትሉን ቀድሞውኑ በደማቸው ይዘውታል፤ ትሉ ደግሞ ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ይኖራል። ቀንድ አውጣ መግደል የገባውን ትል አያወጣም። ልጆቹ ግን ገና እየተወለዱ ነበር፤ ውኃው ከጸዳ አይያዙም። ሙከራው መሥራቱን የሚነግረን የልጆቹ ቁጥር ነው።

እና ለምን ዛሬ ቦርከና ላይ እንዶድ አይረጭም? ይህ የታሪኩ መራራ ክፍል ነው። የአሜሪካ ኬሚስቶች በፍሬው ውስጥ ያለውን ገዳይ ንጥረ ነገር ለይተው በአክሊሉ ስም «ለማቶክሲን» አሉት። አግሮኖሚስቱ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከበርካታ የእንዶድ ዝርያዎች መካከል 44ኛውን መርጦ አወጣ። ዓለም አቀፍ ተቋማት ግን ደህንነቱ በደረጃቸው መሠረት በውድ ላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ አንቀበልም አሉ፤ ያንን ለማድረግ ገንዘብ የሚሰጥ ሲጠፋ ዓመታት አለፉ። በዚያው ጊዜ ፋብሪካ የሚያመርተው የቀንድ አውጣ መግደያ ይሸጥ ነበር፤ ደሃ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው። በ1989 አክሊሉና ለገሠ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። አክሊሉ በ1997 አሜሪካ ውስጥ አረፈ።

ተቋማቱን ሙሉ በሙሉ ልወቅስ አልችልም፤ ሐኪም ነኝና ያልተፈተነ ነገር ውኃ ላይ ይረጭ አልልም። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። የተረጨበት ውኃም ለሁልጊዜ አይጸዳም፤ ቀንድ አውጣዋ ከላይ ከሚመጣው ውኃና ከረግረጉ ተመልሳ ትራባለች፤ መርጨቱ መደጋገም አለበት። ይህ ግን ለፋብሪካው መድኃኒትም ያው ነው። ልዩነቱ አንደኛው አጥር ላይ ይበቅላል።

እንዶዱ እናንተ ዘንድም ደርሷል። የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ ከእነሱ መካከል ብርሃኑ ኤርኮ፣ ነጋ በርሄና ፈቃዱ አበበ፣ ከኖርዌያዊው ስቬን ጉናር ጉንደርሰን ጋር ሆነው እንዶድን ወሎ ውስጥ ሞክረውታል፤ ውጤቱ በ2002 ታተመ። እንዴት ቢረጭ ይሻላል የሚለውን ለብቻው ያዩበት ጥናት ደግሞ በ2005 ወጣ። አክሊሉ ራሱም የአዋሽን ሸለቆ አልረሳውም ነበር። በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት በአዋሽ ሸለቆ የእርሻ ልማት ሲስፋፋ ቢልሃርዝያ ለጤናም ለኢኮኖሚም ምን ሊያስከትል እንደሚችል አስቀድሞ አንስቶ ነበር። የቦርከና ውኃ የሚገባው እዚያው አዋሽ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሳህኑ እንመለስ። «ምን ላብላው» ያለችኝ እናት እየጠበቀች ነው።

በ1958 አንድ የአሜሪካ ቡድን በኢትዮጵያ ሰፊ የሥነ ምግብ ጥናት አደረገ። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ኢትዮጵያውያን በምግባቸው የሚያገኙት ብረት በጣም ከፍተኛ መሆኑ ነው። ከዚያ ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር ይህንኑ ተከታትሎ በ1968 ጥናቱን አወጣ። ፋፋ የሚባለውን የልጆች ምግብ ያወጣው የስዊድንና የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው። ብረቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከጤፍ ሲሆን፣ ብዙው ክፍል ደግሞ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ከሚቀላቀለው አፈር ነው። አዎ፣ እናቶቻችን ነፍተው ነፍተው ያልጨረሱት አፈር።

ታዲያ ብረት እንዲህ በተትረፈረፈበት አገር የልጁ ደም ለምን ያንሳል? መልሱ ሳህኑ ላይ ብቻ አይገኝም። የአፈሩን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ጨፋ ላይ ደግሞ ማሽላና በቆሎውም ብዙ ነው። ግን በሌላው በኩል መፍሰሻ አለ። የቢልሃርዝያ እንስት በየቀኑ ወደ 300 የሚጠጋ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሰገራ የሚደርሰው የአንጀትን ግድግዳ እየበሳ ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ትንሽ ደም ይወጣል። መንጠቆ ትል ከተጨመረ እሱም ደም ይጠጣል። ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው ነው፤ ሰውነት ከትሉ ጋር ሲታገል የሚፈጠረው መቆጣት ያለውን ብረት ጎተራ ውስጥ ዘግቶ ያስቀምጠዋል። የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳል። ስለዚህ ትሉ ሳይታከም የብረት ክኒን ብቻ መስጠት ጎተራው ተቆልፎ እህል እንደመጨመር ነው።

በዓለም ደረጃ ይህን ነገር አጥብቆ የተናገረው ኔቪን ስክሪምሾ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ምግብ ተመራማሪ ነው። ከቴይለርና ከጎርደን ጋር ሆኖ በ1968 በዓለም የጤና ድርጅት በኩል ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱ ክፉዎች እንደሚረዳዱ አሳየ፤ ኢንፌክሽን ልጁን ያከሳዋል፣ የከሳ ልጅ ደግሞ ለቀጣዩ ኢንፌክሽን በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ለብቻቸው ከሚያደርሱት ጉዳት ሲገናኙ የሚያደርሱት ይበልጣል። ይህ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በ1984ቱ ረሃብ ባቲ የነበረውን መጠለያ ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። በእነዚያ መጠለያዎች እህል ከደረሰ በኋላም ልጅ ይሞት ነበር፤ በተቅማጥ፣ በኩፍኝ፣ በሳንባ ምች። እህሉ ደርሶ ውኃው ቆሻሻ ሆኖ ሲቀር ማለት ነው።

ቢልሃርዝያ እንደ ተቅማጥ በሳምንት አይገድልም፤ ለዚህ ነው የምንዘነጋው። ልጁን ያደክመዋል፣ ዕድገቱን ያዘገየዋል፣ ትምህርቱን ይወስድበታል። በዓመታት ውስጥ ግን ወደ ሰገራ ያልወጣው እንቁላል በደም ተወስዶ ጉበት ላይ ይቀመጣል። ጉበቱ ይጠነክራል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ በመጨረሻም ሰውየው አንድ ሌሊት ደም ያስታውካል። እንዲህ ሆነው የሚመጡ ጎልማሶችን ስናይ ትሉ የገባው ልጅ ሳሉ ወንዝ ሲዋኙ እንደሆነ እናውቃለን፤ ያኔ ግን ለጉበቱ የምናደርገው ትንሽ ነው። ጊዜው አሁን ነው የምላችሁ ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ በአክሊሉ ዘመን ከነበረው እጅግ ተሽሏል። ቀድሞ የሚሰጠው የአንቲሞኒ መርፌ ነበር፤ ሕመምተኛውን ራሱን የሚጎዳ። ግብፅ ውስጥ በዚያ መርፌ በተካሄደው ዘመቻ፣ በደንብ ባልተቀቀሉ መርፌዎች ምክንያት የጉበት ቫይረስ ሲ በሕዝቡ ውስጥ እንደተሰራጨ በኋላ ታውቋል። በ1970ዎቹ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ተገኘ። በአገራችንም በ2015 (በእኛ ኅዳር 2008 ዓ.ም.) በትምህርት ቤቶች በኩል የሚሰጠው ብሔራዊ ዘመቻ ተጀመረ። «ልጆቻችን ላይ ምን እየሞከሩ ነው?» ብላችሁ ልጃችሁን በዚያ ቀን ያስቀራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ወሬው የሚነሳበት ምክንያትም አለው፤ ክኒኑን የወሰዱ ልጆች ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ አንዳንዶቹም ያስታውካሉ። ነጋ በርሄና ባልደረቦቹ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ይህንኑ አጥንተው በ1999 አሳትመዋል። ሕመሙ የሚጠናው ብዙ እንቁላል ባለባቸው ልጆች ላይ ነው። ልጃችሁ ከጎረቤት ልጅ ይልቅ ከታመመ፣ ብዙ ጊዜ ትሉ የበዛበት እሱ ነው ማለት ነው። አብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ ይተዋል።

እንግዲህ እናቴ፣ ለጥያቄሽ።

ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ «ቢልሃርዝያ እንዲታይልኝ» ብለሽ በስሙ ጠይቂ። አንድ ጊዜ ተመርምሮ «የለም» ቢባል አትመኚ። እንቁላሉ ከቀን ቀን፣ ከናሙና ናሙናም ይለያያል፤ በ2004 የታተመው የእነ ነጋ በርሄ ጥናት ያሳየው ይህንን ነው። በሌላ ቀን ሰገራ ደግመሽ አምጪ። የፕራዚኳንቴል መጠን በልጁ ክብደት ነውና ከፋርማሲ በግምት አትግዢ። ክኒኑን በባዶ ሆድ አይውሰድ፤ እንጀራም ይሁን ገንፎ በልቶ ይውሰድ። መድኃኒቱ ያደገውን ትል እንጂ ገና የገባውን እጭ ስለማይገድል፣ ወንዝ የሚወርድ ልጅ በሚቀጥለው ዙርም መውሰድ አለበት። ትምህርት ቤት ያልገባው ታናሹስ? በጀርባሽ አዝለሽ ወንዝ ዳር የምታጥቢው እሱም ተይዞ ሊሆን ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ ያሉትም እንዲታከሙ መክሯል፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሪያት።

ከወንዝ የምትቀጂውን ውኃ ለገላ ወይም ለውዱእ ከመጠቀምሽ በፊት ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ከድነሽ ሁለት ቀን አሳድሪው፤ እጩ ከዚያ በላይ አይቆይም። ለመጠጥ ግን ማሳደር አይበቃም፣ ይፈላ። ወንዝ መውረድ የግድ ከሆነ እኩለ ቀኑን ተዉት፣ ማለዳ ይሻላል። መጸዳጃ ቤቱ ከቦዩና ከወንዙ ይራቅ።

ምግቡን በተመለከተ፣ ሕክምናውን ከጀመረ በኋላ ምስርና ሽሮውን፣ ጎመኑን፣ ሲገኝ እንቁላሉን ስጪው። ሎሚ ወይም ቲማቲም ጨምሪበት፣ ብረቱን እንዲይዝ ይረዳዋል። ሻይ ከምግብ ጋር አትስጪው፤ ብረቱን ያስቀርበታል። ከሁለት ወር በኋላ መልሰሽ አስመዝኚውና ደሙን አስለኪ። ሆዱ እንደተነፋ ከቀጠለ፣ ወይም በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር ጠጣር ነገር ከተሰማሽ፣ ሁለት ወር አትጠብቂ፤ በዚያው ሳምንት ወደ ሆስፒታል ይምጣ።